ለንደን ከመሄዳችሁ በፊት መቅደላ ውጡ

አያቴ የአምባ ማርያም፣ የድሮዋ መቅደላ፣ ሰው ነበሩ። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ሙስሊም ነኝ፤ የእናቴ እናት ግን ክርስቲያን ነበሩ። ወሎ ላይ ይህ የሚያስገርም ነገር አይደለም። ቡና አፍልተው ጨዋታ ሲጀምሩ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይደርሳል። "ያኔ ከዚህ አምባ በዝሆን ጭነው ወሰዱት" ይሉን ነበር። እኛ ልጆቹ የምንሰማው ዝሆኑን ብቻ ነበር። ወሎ ተራራ ላይ ዝሆን! ተረት ነበር የሚመስለን።

እውነት መሆኑን ያወቅሁት ታሪክ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። የእንግሊዝ ጦር ከአምባው የዘረፈውን ዕቃ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ተሸክመው ወረዱ። ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ ተካሄደ። ከዚያ ወደ ባሕር፣ ከባሕር ወደ ለንደን።

መስከረም 2018 ዓ.ም. ያንን ዕቃ ፍለጋ ለንደን ሄድኩ። የቆየሁት አሥራ አንድ ቀን ነው። የተዘጋጀሁት ግን ዓመት ከመንፈቅ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ ባልደረቦቼም የድሮ ተማሪዎቼም "እንዴት ነው የሚኬደው?" እያሉ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ ከመድገም ብዬ ጻፍኩት።

በውጭ አገር የጦርነት መታሰቢያና ሙዚየም ለማየት የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው "የት ልሂድ?" ብሎ ነው። እኔ "ምን ልይ?" ብላችሁ ጀምሩ እላለሁ። አንድ ዕቃ፣ አንድ ስም ወይም አንድ መቃብር ምረጡ። ከተማው ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል። አያቱ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመተ ሰው መንገዱ ወደ ቹንቾን ነው፤ የኢትዮጵያውያኑ መታሰቢያ እዚያ አለ። የእኔ መንገድ ከመቅደላ ስለሚነሳ ለንደን ወሰደኝ።

ከቤት መጀመር

መጀመሪያ መቅደላ ውጡ። የምሬን ነው። የተወሰደውን ለማየት ከመሄዳችሁ በፊት የተወሰደበትን ቦታ እዩ። ከደሴ በኩታበር አድርጎ ወደ ተንታ የሚሄድ መኪና አለ። ከዚያ ወዲያ እግር ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአካባቢው ሰው አጣሩ። ሰው "ዛሬ አይሆንም" ካላችሁ አይሆንም ማለት ነው። እኔ ሁለት ጊዜ አራዝሜ በሦስተኛው ነው የሄድኩት።

አምባው ላይ ሴባስቶፖል አለ። ጋፋት ላይ ተሠርቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወደ መቅደላ የመጣው መድፍ ነው። እንግሊዞቹ ትተውት ሄዱ። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ወደ ገደሉ ተመልከቱ። ያ ሁሉ ዕቃ በየት በኩል እንደወረደ ዓይናችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ለንደን ውስጥ መስታወት ፊት ስትቆሙ ይህ እይታ ከሌላችሁ የምታዩት ወርቅ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ለእኛ ለወሎዎች መቅደላ የአንድ ንጉሥ ታሪክ ብቻ አይደለም። አምባው የወሎ ባላባቶች የታሰሩበት እስር ቤትም ነበር። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው የወሎዋ ባላባት የወይዘሮ ወርቂት አገር ሲደርሱ፣ ቴዎድሮስ ተናደው እስረኛ የነበረውን የወርቂትን ልጅ ገደሉ። ይህን የምጽፈው የቴዎድሮስን ክብር ለመንካት አይደለም። ተማሪዎቼንም የማስተምረው ሁለቱንም ነው። ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ። የውጭ ሰው ስለ መቅደላ ሲጠይቃችሁ ሙሉውን መናገር የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

የደሴን ሙዚየምም አስታውሱ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ተዘርፏል። ባዶ መደርደሪያ ምን እንደሚመስል የደሴ ሰው ያውቃል።

ዝርዝሩ

የጉዞው ዋና ሥራ ይህ ነው። ቪዛውም ትኬቱም ከዚህ በኋላ ይመጣሉ።

አንድ ደብተር ግዙ። አራት ዓምድ አስምሩ፦ ዕቃው ምንድን ነው? የት ነው ያለው? የሙዚየሙ ቁጥር ስንት ነው? ዛሬ ለእይታ ቀርቧል ወይስ መጋዘን ነው? እኔ ይህን ደብተር ለመሙላት ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። አብዛኛውን የሠራሁት ማታ ማታ በስልኬ ነው፤ መብራት ሲኖር፣ ኔትወርክ ሲኖር።

ለምሳሌ ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየምን ውሰዱ። ብዙ ሰው ቪ ኤንድ ኤ ነው የሚለው። የመቅደላው የወርቅ ዘውድ፣ የወርቅ ጽዋው፣ የቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ እናት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ የዚህ ሙዚየም ናቸው። ዘውዱ ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎንደር ሥራ ነው። ሙዚየሙ ያለውን ዕቃ በድረ ገጹ ላይ በነጻ ያሳያል። "መቅደላ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ፈልጉ። ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ሞክሩ፤ የድሮው በ"ግ" የአሁኑ በ"ቅ" ድምፅ ነው የሚጻፈው። እኔ መጀመሪያ በአንዱ ብቻ ፈልጌ ግማሹን ሳላይ ቀርቻለሁ። እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር አለው። ከቁጥሩ ጋር በየትኛው ክፍል እንዳለ ወይም መጋዘን መሆኑን ጽፈውታል። ቁጥሩን አንድም ፊደል ሳትሳሳቱ ገልብጡ።

መጋዘን ቢሆን ተስፋ አትቁረጡ። ቪ ኤንድ ኤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. በምሥራቅ ለንደን ቪ ኤንድ ኤ ኢስት ስቶርሃውስ የሚባል ግዙፍ መጋዘን ለሕዝብ ከፍቷል። የምትፈልጉት ዕቃ እዚያ ካለ አስቀድማችሁ ታዛላችሁ፤ እነሱ አውጥተው ያሳዩአችኋል። ክፍያ የለውም። እስከ አምስት ዕቃ መምረጥ ትችላላችሁ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መያዝ ግን ግዴታ ነው። ለንደን ከደረሱ በኋላ "ልይ" ማለት አይሠራም።

ብሪቲሽ ላይብረሪ ከመቅደላ የተወሰዱ ወደ 350 የሚደርሱ የብራና መጻሕፍት ይዟል። እነሱን ለማንበብ የአንባቢ መታወቂያ ያስፈልጋል። ማንነታችሁንና አድራሻችሁን የሚያሳይ ሰነድ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የትኛውን ብራና እንደምትፈልጉና ለምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጻፉላቸው፤ ለአንዳንዱ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ግዕዝ የሚያነብ ሰው አብሯችሁ ካለ ዕድለኛ ናችሁ። እኔ አልነበረኝም። ብራናውን አይቼ ማንበብ አለመቻሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የምትሄዱ ሰዎች፣ ቢያንስ ፊደሉን መለየትና የቅዱሳኑን ስም ማንበብ ከቄስ ወይም ከመሪጌታ ተማሩ። የሦስት ወር ሥራ ነው።

ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦታት አሉ። እነዚህን በዝርዝራችሁ ጻፏቸው፤ "ይታያል" በሚለው ዓምድ ግን መስመር አስምሩበት። ለእይታ አይቀርቡም። የሙዚየሙ ሠራተኞችም አያዩዋቸውም፤ የሚገቡት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብቻ ናቸው። ይህ ትክክል ነው። "አሳዩኝ" ብላችሁ አትጠይቁ። እኔ ሙዚየሙ ደረጃ ላይ ለአንድ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ፤ አያቴን አሰብኩ፤ ተነስቼ ሄድኩ። ለእኔ በቂ ነበር።

ዝርዝሩ የሚያጥርበት ጊዜም አለ። ኤዲንብራ ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን በ1994 ዓ.ም. አንድ ታቦት ተመልሷል። ቼልሲ ያለው ናሽናል አርሚ ሙዚየም ይዞት የነበረውን የቴዎድሮስን ጸጉር በ2011 ዓ.ም. መልሷል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም በግል ሰዎች እጅ የነበሩ ዕቃዎች ተገዝተው ተሰጥተውናል። ትልልቆቹ ሙዚየሞች ግን ሕግ አስሮናል ይላሉ። ብሪቲሽ ሙዚየም የራሱ የ1963 እ.ኤ.አ. ሕግ አለው፤ ቪ ኤንድ ኤ ደግሞ የ1983 እ.ኤ.አ. ሕግ አለበት። ሁለቱም ዕቃ አውጥቶ መስጠትን ይከለክላሉ። ይህን አውቃችሁ ሂዱ። በር ላይ የቆመውን ጥበቃ ብትቆጡት የሚፈታ ነገር አይደለም።

ቪዛ

የመጀመሪያ ማመልከቻዬ ተቀባይነት አላገኘም። ስህተቱ የእኔ ነበር። የባንክ ሒሳቤ አነሰ ብዬ ከእህቴና ከወንድሜ ተበድሬ በአንድ ቀን ብዙ ብር አስገባሁ። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ነገር አላያያዝኩም። እንዲህ ዓይነት ድንገተኛ ገንዘብ ጥርጣሬ ይፈጥራል።

ለሁለተኛው ጊዜ ስድስት ወር ጠበቅሁ። ደመወዜ በየወሩ ሲገባ የሚያሳይ የስድስት ወር የባንክ መግለጫ አወጣሁ። በመሃል ዕቁብ ደርሶኝ ነበር። የዕቁቡ ዳኛ ፈርመው፣ አባላቱ መስክረው ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ አስተርጉሜ አያያዝኩት። በአማርኛ የተጻፈ ማንኛውም ሰነድ ሕጋዊ ትርጉም ያስፈልገዋል። ከትምህርት ቤቴ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የቤቴን ካርታ፣ የልጆቼን የልደት ምስክር ወረቀት ጨመርኩ። ተመልሳ የምትመጣበት ምክንያት ያላት ሰው መሆኔን እንዲያዩ ነው። ወንድሜ የሚኖረው ለንደን ስለሆነ የግብዣ ደብዳቤና የአድራሻ ማስረጃ ላከልኝ።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ደብተሩ ይመስለኛል። "ለጉብኝት" ብዬ ብቻ አልጻፍኩም። በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሙዚየም፣ የትኛውን ዕቃ እንደማይ አንድ ገጽ አዘጋጅቼ አያያዝኩ።

ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው የሚሞላው። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መውረድ አለባችሁ። ከጉዞው ቀን በፊት ከሦስት ወር ቀድሞ ማመልከት አይቻልም፤ ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ሳምንት ይመጣል። ክፍያው በየጊዜው ስለሚጨምር በዚያው ሰሞን እዩ። ትኬት አትቁረጡ፤ ቪዛው እስኪመጣ ጠብቁ። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ሲጠይቃችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ። የእኛ የስም አጻጻፍ የእነሱ ዓይነት ስላልሆነ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በትኬቱም በቪዛውም አንድ ዓይነት ይሁን።

ቪዛው እምቢ ካላችሁ፣ ወይም ገንዘቡ ካልበቃ፣ ኪጋሊን አስቡ። ሩዋንዳ ለአፍሪካውያን አስቀድሞ የሚወጣ ቪዛ አትጠይቅም። ጊሶዚ ያለው የዘር ማጥፋት መታሰቢያ ከ250,000 በላይ ሰዎች የተቀበሩበት ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው። ከጭፍጨፋው በኋላ ሰላም ለማስከበር ከገቡት ወታደሮች መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ያ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዞ ነው።

መቼ፣ በምን

መስከረም ጥሩ ነው። ቀኑ ገና ረጅም ነው፤ ብርዱም ከደሴ ብርድ አይብስም። ጦሳ ተራራ ሥር ያደገ ሰው የለንደን መስከረም አይከብደውም። ታኅሣሥ ላይ ግን በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ይጨልማል። የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ለማየት የምትፈልጉ የጥቅምትን መጨረሻና የኅዳርን መጀመሪያ ምረጡ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር ሁለተኛው እሑድ ሴኖታፍ በሚባለው ሐውልት ፊት ለጦርነት ሙታን ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። ሰው ሁሉ ቀይ የወረቀት አበባ ደረቱ ላይ ያደርጋል።

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከአዲስ አበባ ሂትሮው በቀጥታ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ሻንጣችሁ ውስጥ ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ አታድርጉ። እንግሊዝ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከእኛ አገር ይዞ መግባት ክልክል ነው። እህቴ ለወንድማችን ብላ ያነጠረችውን ቅቤ ከሻንጣዬ ስታወጣ አልቅሳለች። ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ በልክ ያዙ።

ሰዓት ተጠንቀቁ። ትኬት ላይ 10:00 ሲል በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ሁለቱንም ጻፉ። እኔ በደብተሬ የእነሱን በቀይ፣ የእኛን በሰማያዊ ነበር የምጽፈው።

አንድ የባቡር መስመር

ብዙ ሰው ለንደን ትልቅ ስለሆነች ይፈራል። እኔም ፈርቼ ነበር። ወንድሜ የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ ቀን ቀን ብቻዬን ነበርኩ። ያገዘኝ አንድ ነገር ነው፤ ፒካዲሊ ላይን የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር። ካርታው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ከሂትሮው ይነሳል፤ ሳውዝ ኬንዚንግተን ይደርሳል፤ እዚያ ቪ ኤንድ ኤ አለ። ሃይድ ፓርክ ኮርነር ይደርሳል፤ እዚያ የመታሰቢያ በሮቹ አሉ። ሆልበርን ይደርሳል፤ ከዚያ ብሪቲሽ ሙዚየም በእግር ነው። ኪንግስ ክሮስ ይደርሳል፤ ከጎኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ማደሪያችሁን በዚህ መስመር ላይ ወይም አጠገቡ ፈልጉ። የምትከፍሉት በባንክ ካርድ ወይም ኦይስተር በሚባል ካርድ ነው፤ በሩ ላይ ማስነካት ብቻ። ስትወጡም አስነኩ።

ሙዚየሞቹ ብዙዎቹ ነጻ ናቸው። ቪ ኤንድ ኤ፣ ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም፣ ናሽናል አርሚ ሙዚየም መግቢያ አያስከፍሉም። ቪ ኤንድ ኤና ብሪቲሽ ሙዚየም ዓርብ ማታ ያመሻሉ። ዓርብ ማታ ሂዱ፤ ሰው ይቀንሳል። ጎማ ያለው ሻንጣ ይዛችሁ ግን አትሂዱ፤ ብሪቲሽ ሙዚየም አያስገባም።

ከቪ ኤንድ ኤ ስትወጡ ወደ ኩዊንስ ጌት በእግር ሂዱ። ሩቅ አይደለም። መንገዱ ዳር ፈረስ ላይ የተቀመጠ የጦር አዛዥ ሐውልት አለ። ሮበርት ኔፒየር ነው። መቅደላ ላይ የዘመተው ጦር አዛዥ። ከድሉ በኋላ የተሰጠው ማዕረግ "ሎርድ ኔፒየር ኦፍ መቅደላ" ነው። የአያቴን መንደር ስም ከአንድ እንግሊዛዊ ጌታ ስም ጋር ማየት የሚያሳድረውን ስሜት በቃል ልነግራችሁ አልችልም። መንገደኛው ሁሉ ሳያየው ያልፋል። እኔ ዞሬው ዞሬው ደከመኝ። ዘውዱን ያየ ሰው ይህንንም ማየት አለበት፤ አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ነው።

ሃይድ ፓርክ ኮርነር ያሉት የመታሰቢያ በሮች በ2002 እ.ኤ.አ. የተመረቁ ናቸው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ለእንግሊዝ የተዋጉ የሕንድ፣ የአፍሪካና የካሪቢያን ሰዎች የሚታሰቡበት ነው። ደሴን በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ከጣልያን ያስለቀቁት ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። እዚያ ስቆም ያሰብኩት ያንን ነው።

ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ትልቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። እኔ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ክፍልና የሆሎኮስቱን ክፍል በአንድ ቀን አየሁና ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በአንድ ቀን አንድ ከባድ ቦታ ብቻ እዩ። ከዚያ መናፈሻ ገብታችሁ ተቀመጡ።

ዊንዘር

ለዚህ ቀን ሌላ ምንም አትያዙ።

ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ሲወሰድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ ሞተች። እንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት ሲዘዋወር አደገ። በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ታሞ ሞተ። ዊንዘር ቤተ መንግሥት በሚገኘው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ በተደጋጋሚ ተጠይቋል። በ2023 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎቹን ሙታን ዕረፍት ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ።

ከዋተርሉ ጣቢያ ዊንዘር ድረስ ባቡር ሳይቀይሩ ይደረሳል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቤተ መንግሥቱ ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ እሑድ ለጎብኚ አይከፈትም። ስለዚህ ሰኞ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ሂዱ፤ ከመነሳታችሁ በፊት ግን በድረ ገጹ አረጋግጡ። ትኬቱ ውድ ነው፤ 30 ፓውንድ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ያዘጋጁ። ገንዘቡ ለከበደው ሌላ መንገድ አለ። ለጸሎት የሚመጣ ሰው አይከፍልም። የማታው ጸሎት ላይ መገኘት ይቻላል።

ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ደብተርና እርሳስ ያዙ። የዓለማየሁን መታሰቢያ ካላገኛችሁት እዚያ የቆሙትን አስተናጋጆች ጠይቁ፤ ስሙን ተናገሩ፤ ያውቁታል። የናስ ጽሑፍ ነው። ከወንጌል የተወሰደ አንድ ቃል ተጽፎበታል። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ "እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል" የሚለው ነው።

በእርሳስ ገለበጥኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። 18 ዓመት ማለት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ዕድሜ ነው። በየዓመቱ አርባ ሃምሳ ልጅ በዚያ ዕድሜ አያለሁ። ሲስቁ፣ ሲያረፍዱ፣ ፈተና ሲፈሩ። ወደ መውጫው ስሄድ አንዲት አስተናጋጅ ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ። "ያገሬ ልጅ ነው" አልኳት። ወንበር አመጣችልኝ።

ባዝ

ቀን ከተረፋችሁ ባዝ ሂዱ። ከፓዲንግተን ጣቢያ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጣልያን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን በቦምብ ሲደበድብ ንጉሠ ነገሥቱ አጼ ኃይለ ሥላሴ ከተማችን ውስጥ ነበሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከማይጨው ሽንፈት ወዲህ ተሰደዱ። የስደት ቤታቸው ባዝ ያለው ፌርፊልድ ሃውስ ነው። በኋላ በ1958 እ.ኤ.አ. ቤቱን ለከተማው አረጋውያን ብለው ሰጡት። በሁሉም ቀን ለጎብኚ ክፍት ስላልሆነ አስቀድማችሁ ጻፉላቸው።

ስለ ደብዳቤ

ለሙዚየም መጻፍ ብዙ ሰው ያፍራል። አትፈሩ። አጭር ይሁን። ማን እንደሆናችሁ፣ ከየት እንደሆናችሁ፣ የትኛውን ዕቃ በየትኛው ቁጥር ማየት እንደምትፈልጉ፣ በየትኛው ቀን ለንደን እንደምትሆኑ ጻፉ። ሁለት አማራጭ ቀን ስጡ። ከጉዞው ሦስት ወር በፊት ላኩ። መልስ ካልመጣ በሦስተኛው ሳምንት ደግማችሁ በትሕትና አስታውሱ። እኔ አምስት ደብዳቤ ልኬ ለአራቱ መልስ አግኝቻለሁ። "የአያቴ አገር መቅደላ ነው" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሁሉም ላይ አስገብቼው ነበር። መልሶቹ ሁሉ ያንን ጠቅሰው ነበር የጀመሩት።

ወንድሜ መጀመሪያ ቀን "እትዬ፣ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተሽ ዕቃ ልታዪ ነው?" ብሎኝ ነበር። ሰባተኛው ቀን ላይ ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ ቪ ኤንድ ኤ መጣ። ስድስት ዓመት ለንደን ሲኖር ገብቶበት አያውቅም ነበር። ለንደን ዘመድ ያላችሁ፣ እነሱንም ይዛችሁ ግቡ።

ስትመለሱ

ፎቶዎቹን ስልክ ላይ አትተዉአቸው። እኔ ደሴ ፒያሳ አሳትሜ በላስቲክ አስለበጥኳቸው። ከእያንዳንዱ ሥር የዕቃውን ስም፣ ያለበትን ቦታና ቁጥሩን ጻፍኩ። ክፍሌ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ከዊንዘር ፎቶ ስለሌለ በእርሳስ የገለበጥኩትን ወረቀት ራሱን ለጠፍኩት።

ከጎኑ ዝርዝሩ አለ። ሠላሳ አንድ መስመር ነው፤ አሥራ ሁለቱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እነሱ ላይ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። ከደሴ ወደ ለንደን የሚሄድ ሰው ካለ ትምህርት ቤት መጥቶ መገልበጥ ይችላል። ያየውን ሲመለስ ምልክት ያድርግበት። እስክሪብቶው ከዝርዝሩ ጋር በክር ታስሯል።